አሥራ ሰባት ተመልካቾች፦ የከተማ ፊልም ፌስቲቫል የማን ነው?

በጁን 1972 በኔዘርላንድስ የወደብ ከተማ በሮተርዳም አንድ አዲስ የፊልም ፌስቲቫል ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመክፈቻው ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ተመልካቾች አሥራ ሰባት ነበሩ። አሥራ ሰባት ሺህ አይደለም፤ አሥራ ሰባት ሰው። የከተማዋ የባህል ጉዳይ ኃላፊ ተቆጥተው የተሰጠው ድጎማ ይመለስ እስከማለት ደረሱ። በእርሳቸው ቦታ የተቀመጠ ማንም ቢሆን ሳይቆጣ የሚቀር አይመስለኝም። ፌስቲቫሉ ግን አልተዘጋም። ዛሬ በየዓመቱ በአውሮፓ ብርዳማ ወራት አጋማሽ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች የሚገባበት፣ ከዓለም ትልልቅ የሕዝብ ፌስቲቫሎች አንዱ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ፊልም ፌስቲቫል በተወራ ቁጥር ቀድሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቀይ ምንጣፉ፣ ተዋናዮቹና ዋንጫው ስለሆነ ነው። ትኬት ገዝቶ፣ ተሰልፎ፣ ጨለማ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ሰው የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ሲጎድል ብቻ፣ እንደ ሮተርዳሙ ምሽት። ዓመታዊ የከተማ ፌስቲቫሎች ባለፉት ዓመታት አንድ በአንድ ችግር ላይ ወድቀዋል። ስፖንሰር ይሸሻል፣ ድጎማ ይቀነሳል፣ አንዱ ይዘጋል፣ ሌላው ከተማ ይቀይራል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው በአብዛኛው ስለ ገበያ፣ ስለ ዝነኞችና ስለ ማስታወቂያ ነው። እኔ ግን ነገሩን ከወንበሩ ወገን ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ። ፌስቲቫልን ከንግድ ትርዒት የሚለየው ያ ባለ ትኬት ሰው ነው፤ ማን ገፋው፣ ማንስ አቀፈው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ነገር ያስረዳል።

ሰው ለምን ይሄዳል?

ፊልም ብርቅ በነበረበት ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። የሩቅ አገር ፊልም የሚታየው ፌስቲቫል ላይ ብቻ ስለነበር ያመለጠው አመለጠው። ዛሬ ፌስቲቫል ላይ የታየ ፊልም ከጥቂት ወራት በኋላ በስልክ ሊገኝ ይችላል። በ2017 የካን ፌስቲቫል ፊልም በኢንተርኔት የሚያሰራጨውን የኔትፍሊክስን ሁለት ፊልሞች ለውድድር ሲያቀርብ የፈረንሳይ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ተነሡበት፤ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮም በአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች የማይታይ ፊልም በዋናው ውድድር እንዳይገባ ተደረገ። የጣሊያኑ የቬኒስ ፌስቲቫል በሩን አልዘጋም፤ እንዲያውም በ2018 ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ የወሰደው የዚሁ ኩባንያ ፊልም ነበር። ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ጦፎ ቆየ። ሲኒማ ቤቶች ተናገሩ፣ ኩባንያው ተናገረ፣ የፌስቲቫል ዳይሬክተሮች ተናገሩ። ተመልካቹን የጠየቀ አልነበረም።

ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት የሚከፍለው ለፊልሙ ብቻ እንዳልሆነ ይናገር ነበር። ፌስቲቫል ላይ የሚገኘውና ሌላ ቦታ የጠፋው ነገር ምንም ሳያውቁ መግባት ነው። በስልክ ፊልም ስንከፍት ስንት ኮከብ እንደተሰጠው፣ ማን እንደወደደው፣ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ሳይቀር ቀድመን ሰምተናል። ፌስቲቫል ላይ ግን ተመልካቹ በአራት መስመር የተጻፈ ማስተዋወቂያና አንድ ፎቶግራፍ ይዞ ይገባል፤ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ የለም። ሃያሲውም፣ አከፋፋዩም፣ ተማሪውም እኩል አላዋቂ ሆነው መብራቱ ይጠፋል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ የሚካሄደው የቴሉራይድ ፌስቲቫል ከ1974 ጀምሮ የኖረው በዚህ ላይ ተማምኖ ነው። የሚታዩት ፊልሞች ዝርዝር ይፋ የሚሆነው በዋዜማው ነው፤ ሰው ምን እንደሚያይ ሳያውቅ ወራት ቀድሞ ይከፍላል። ይህን ያህል እምነት የሚጣልበት ሌላ የመዝናኛ ዘርፍ እኔ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር ሰው ነው። በሙሉ አዳራሽ ውስጥ የሚነሣ ሳቅ፣ ከዚያም የሚብሰው ዝምታ፣ ፊልሙን ይለውጠዋል። ይህ በብዙዎች የተባለ ስለሆነ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ፌስቲቫል ላይ ሰዎች አቋርጠው ይወጣሉ። ቤቱ ተቀምጦ የሰለቸው ሰው ቁልፍ ይጫንና ያበቃል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ከመካከለኛው ረድፍ ተነሥቶ፣ የአሥር ሰው ጉልበት አልፎ፣ ዳይሬክተሩ በተቀመጠበት ፊት መውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ተቃውሞ እንኳ እዚያ ክብደት አለው።

ዳኛው ተመልካች የነበረበት ጊዜ

የታሪኩ መነሻ አስገራሚ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በኦገስት 6 ቀን 1932 በቬኒስ ሊዶ ደሴት በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ ሲከፈት ዳኞች አልነበሩም፤ ይፋዊ ሽልማትም አልነበረም። የትኛው ዳይሬክተር፣ የትኛዋ ተዋናይት ትበልጣለች ተብለው ድምፅ እንዲሰጡ የተጠየቁት ተመልካቾቹ ነበሩ። የፋሺስቱ መንግሥት ይህን ለረጅም ጊዜ የሚታገሥ አልሆነም። ሽልማቱ የሙሶሊኒን ስም ያዘ፤ በ1938 ዋናው ዋንጫ በፖለቲካ ግፊት ለጀርመንና ለጣሊያን ፊልሞች ሲሰጥ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወገኖች ተቆጥተው ወጡ። ፈረንሳዮች የራሳቸውን ፌስቲቫል በካን ለመክፈት ቀን ቆረጡ፦ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939። ጀርመን ፖላንድን የወረረችበት ቀን ሆነና ነገሩ እስከ 1946 ተላለፈ።

የበርሊኑ ይበልጥ ይገርማል። በ1951 ፍርስራሿ ገና ባልጸዳች፣ በአራት ኃያላን በተከፋፈለች ከተማ በምዕራቡ ወገን፣ በአንድ የአሜሪካ የፊልም መኮንን አነሣሽነት ፌስቲቫል ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት የጀርመን ዳኞች ፈረዱ። ከ1952 እስከ 1955 ግን ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ ማን እንደሚወስድ የወሰነው በድምፁ የበርሊን ተመልካች ነው። ምክንያቱ ዴሞክራሲ አልነበረም። የፊልም አምራቾች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ለበርሊን ዓለም አቀፍ የዳኞች ቡድን እንዲኖራት ገና ስላልፈቀደ ነበር፤ ተመልካቹ ዳኛ የሆነው ሌላ ስለጠፋ ነው ማለት ይቻላል። በ1956 ፌዴሬሽኑ ለበርሊን ከፍተኛውን የ«ሀ» ደረጃ ሲሰጥ የተከበሩ ዳኞች መጡ፤ ሕዝቡ ከፍርድ ወንበሩ ተነሣ።

ከአዳራሹ ግን አልተነሣም። በዚህ ነጥብ ላይ ነው ሁለት መንገዶች የተለያዩት። በርሊን ዛሬም በአንድ ፌስቲቫል ከ300 ሺህ በላይ ትኬት ለሕዝብ ትሸጣለች፤ ከ2010 ወዲህም ፊልሞቹንና ሠሪዎቻቸውን ይዛ ወደ ሠፈር ሲኒማ ቤቶች ትወርዳለች። ካን በተቃራኒው የሙያተኞች ቤት ነው። ከ1959 ጀምሮ ጎን ለጎን የሚካሄደው የፊልም ገበያ ብቻውን ከአሥር ሺህ በላይ ተሳታፊ ይስባል። ለመግባት የሙያ ባጅ ወይም ግብዣ ያስፈልጋል፤ ለተራው ሰው የተተወው በዋናነት በባሕሩ ዳርቻ በነፃ የሚታየው ማሳያና ከ18 እስከ 28 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የተፈቀደ የሦስት ቀን መግቢያ ነው።

ካንን ለመክሰስ አይደለም። ምን እንደሆነ ያውቃል፣ አልደበቀምም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ የከተማ ፌስቲቫል ሆነው ሳለ ካን ለመምሰል የሚዳክሩት። ከከተማው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ የከተማውን መንገድ ይዘጋሉ፣ ከዚያም የከተማውን ሰው ከገመድ ማዶ ያቆሙታል።

«መጀመሪያ እኔ ጋ»

ይህ ምኞት በግልጽ የሚታየው በመርሐ ግብር አወጣጥ ላይ ነው። ተመልካች መጽሔቱን ሲያገላብጥ ምርጥ የተባሉት ፊልሞች ተመርጠው የቀረቡለት ይመስለዋል። ጥራት አንዱ መመዘኛ ብቻ ነው። ሌላው ፊልሙ የት የት ታይቷል የሚለው ነው። በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአህጉሩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተባለ ደረጃ ይወጣለታል፤ ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ለዋናው ውድድራቸው ሌላ ቦታ የታየ ፊልም በአብዛኛው አይቀበሉም። ጋዜጠኛና ገዢ የሚመጣው ላልታየ ነገር ነውና ከእነርሱ አንጻር ስሜት ይሰጣል።

ፉክክሩ ወዴት እንደሚያደርስ የካናዳዋ ቶሮንቶ በ2014 አሳይታለች። ቴሉራይድ ከእርሷ በጥቂት ቀናት ቀድማ ፊልሞቹን ማሳየቷ ያናደዳቸው የቶሮንቶ አዘጋጆች፣ በሰሜን አሜሪካ ቀድሞ የታየ ፊልም በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ቦታ እንዳያገኝ ደነገጉ። በቀጣዩ ዓመት ደንቡን ቀለል አደረጉት። አንድ የቶሮንቶ ነዋሪ ሊያየው የጓጓው ፊልም ከሦስት ቀን በፊት ሁለት ሺህ ተኩል ሰው በሚኖርባት የተራራ ከተማ መታየቱ ምኑን ይጎዳዋል? ምኑንም። የተጣሉት ፌስቲቫሎቹ ነበሩ፣ የተቀጣው ግን ባለ ትኬቱ ነበር።

ከዚህ በስተጀርባ ደግሞ ተመልካቹ የማያየው ወንፊት አለ። ለ2024ቱ የአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ከ17 ሺህ በላይ ሥራዎች ቀርበዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 4,410 ሙሉ ርዝመት ያላቸው ፊልሞች ነበሩ። የተመረጡት ሰማንያ ገደማ ናቸው። ከመቶ ሁለት እንኳ በወጉ አይሞላም። ብዙ ፌስቲቫሎች ለማመልከት ብቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ውድቅ የተደረጉት ሺዎች የተመረጡትን ጥቂቶች ማሳያ በከፊል ከኪሳቸው ይሸፍናሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል ስም ያላቸው ፊልሞች በሻጭ ወኪሎቻቸው አማካይነት ተጋብዘው ይመጣሉ፤ ለመታየት ገንዘብ የሚከፈላቸውም አሉ። ስለዚህ ማንም የማያውቀው ዳይሬክተር የመጀመሪያ ሥራ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ሲገኝ ወደዚያ ለመድረስ ምን ያህል በር እንዳለፈ ማሰብ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ ቅድሚያ የምሰጠው ለእነዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተሳስቻለሁ።

ያለቀው ትኬትና ባዶው ወንበር

ፌስቲቫል የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግራ መጋባት አለ። «ትኬት አልቋል» ይባላል፣ ውስጥ ሲገባ ግን ባዶ ወንበሮች ረድፍ ሠርተው ይታያሉ። ማጭበርበር አይደለም። የአንድ አዳራሽ ወንበር ለሕዝብ፣ ለባለ ባጅ ሙያተኞች፣ ለፊልሙ ሠሪዎች እንግዶች፣ ለስፖንሰሮችና ለጋዜጠኞች ይከፋፈላል። ሕዝቡ የከፈለበትን ስለሚያውቅ ይመጣል። በነፃ የተሰጠው ግን የተሻለ ግብዣ ካገኘ ይቀራል። ብዙ ፌስቲቫሎች ለዚህ የመጨረሻ ደቂቃ ሰልፍ ያዘጋጃሉ፤ ፊልሙ ሊጀምር አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያልተያዙት ወንበሮች ተቆጥረው በተራ ይለቀቃሉ። «አልቋል» የሚለውን ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ልምድ የሌለው ነው። ባለ ልምዱ ከአንድ ሰዓት በፊት ይቆማል፣ መጽሐፍ ይዞ።

ስለ ሰልፍ ካነሣሁ ላይቀር፣ ትኬት ሽያጭ ወደ ኢንተርኔት መዛወሩ አንድ ነገር ወስዷል። በድሮው ሥርዓት ጎሕ ሳይቀድ መስኮት ፊት የሚሰለፉ ነበሩ፤ አድካሚ ነበር፣ ጉልበት ለሌለው ሰው ደግሞ ጭካኔ። ነገር ግን በሰልፉ ውስጥ ሰዎች ይነጋገሩ ነበር፤ ማን ምን አየ፣ የትኛው ከንቱ ነው፣ የትኛው ሳይታሰብ ልብ ሰረቀ። የፌስቲቫሉ እውነተኛ መጽሔት ያ ወሬ ነበር። አሁን ሽያጩ በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ታዋቂዎቹ ያልቃሉ፤ የሚያገኘውም በዚያች ሰዓት ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ የሚችል፣ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ሰው ነው። ፈረቃ ላይ ያለ ሠራተኛ አያገኝም። ፍትሐዊ የሚመስለው አሠራር በአዲስ መንገድ ሰው ይለያል።

የመጀመሪያ ቀን መዘግየት ሲያጋጥምም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። የዛሬ ፊልም የሚላከው በጥቅልል ሳይሆን በዲጂታል ፋይል ነው፤ ፋይሉ የተቆለፈ ሲሆን ኬዲኤም የሚባለው መክፈቻው ለተወሰነ ማሽን፣ ለተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ይሠራል። የተላከው ቁልፍ ለሌላ አዳራሽ ማሽን ከሆነ ወይም የተፈቀደለት ሰዓት ገና ካልደረሰ ፊልሙ እጅ ላይ እያለ አይከፈትም። ባለሙያው ጓዳ ውስጥ ስልክ ይደውላል፣ አዳራሹ ያጉረመርማል፣ አንዱ በጎ ፈቃደኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ፈገግ ለማለት ይሞክራል።

ድምፅ መስጫዋ ወረቀት

ከፍርድ ወንበሩ የተነሣው ተመልካች በሌላ በር ተመልሷል። የቶሮንቶ ፌስቲቫል በ1976 ሲመሠረት ስሙ «የፌስቲቫሎች ፌስቲቫል» ነበር፤ በሌሎች ከተሞች የታዩትን ምርጦች ለከተማው ሰው አምጥቶ ማሳየት ነበር ዓላማው። እንደ ካን ያለ የዳኞች ዋንጫ ስላልነበረው ዋናው ሽልማቱ የሕዝብ ምርጫ ሆነ። ሆሊውድ መጀመሪያ ልብ አላለውም። በ2008፣ በ2010፣ በ2013፣ በ2018 እና በ2020 የቶሮንቶ ተመልካች የመረጣቸው ፊልሞች ተከትለው የምርጥ ፊልም ኦስካርን ሲያነሡ ግን ስቱዲዮዎች የቶሮንቶን ጥርስ ሐኪምና የቶሮንቶን ጡረተኛ አስተያየት እንደ አየር ትንበያ ማየት ጀመሩ።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። በ2014 «ድፍረት» የተሰኘው ኢትዮጵያዊ ፊልም በሰንዳንስ በዓለም አቀፍ የድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ በበርሊን በፓኖራማ ዘርፍ ይህንኑ የተመልካቾች ሽልማት ደገመ። በሁለት አህጉር፣ ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች ፊት። ምንም የማስታወቂያ በጀት ይህን አይገዛም፤ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው አንብበው፣ አይተው፣ ሲወጡ ወረቀቷን ሳጥን ውስጥ የከተቱ ሰዎች ናቸው የሰጡት።

ይህ ሲባል የሕዝብ ድምፅ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ተመልካች ከፊልሙ በወጣበት ቅጽበት ነው የሚፈርደው፤ እንባ ያመጣበትን፣ ተስፋ የሰጠውን ይመርጣል። የሚቆረቁርና ቀስ ብሎ የሚገባ ፊልም በዚያች ቅጽበት ይሸነፋል። ለዚያ ነው ዳኞችም የሚያስፈልጉት። ግን ዳኛ ሊሰጥ የማይችለው አንድ መረጃ አለ፤ የማያውቃቸው ሰዎች ይህን ፊልም ከፍለው ያዩታል ወይ የሚለው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ትኬት ብቻውን ፌስቲቫል አያቆምም። አዳራሽ ኪራይ፣ የእንግዶች በረራና ሆቴል፣ ትርጉም፣ ባለሙያ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ የሚገኘውም ከመንግሥት፣ ከከተማው አስተዳደርና ከስፖንሰር ነው። ሦስቱም ሊከዱ ይችላሉ።

ቶሮንቶ ለ28 ዓመታት የዋና ስፖንሰሩን ስም ተሸክማ ኖራ ኩባንያው ከ2023 በኋላ ተለያት። የካናዳ መንግሥት በ2024 ሃያ ሦስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ፤ ገንዘቡ ግን የታሰበው በ2026 ለሚጀመር የፊልም ገበያ ነው። የፌስቲቫሎች ፌስቲቫል ብላ የጀመረችው ከተማ ወደ ካን መንገድ አንድ እግሯን አስገባች። ገበያው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ግን አዳራሽና ሆቴል የሚጋራው ከማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

ሰንዳንስ የበለጠ ከባድ ውሳኔ ወስኗል። ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ የዩታዋ ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ፓርክ ሲቲ ስሙ ሆና ነበር። ስምንት ሺህ ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ሲፈስ የመኝታ ዋጋ ጣራ ነካ፤ ወጣት ፊልም ሠሪና ተራ ተመልካች ከዳር ቀሩ። በማርች 2025 ፌስቲቫሉ ከ2027 ጀምሮ ወደ ኮሎራዶዋ ቦልደር እንደሚዛወር አስታወቀ። የኮሎራዶ ግዛት ለዚህ ለአሥር ዓመት የሚከፋፈል እስከ 34 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የግብር ማበረታቻ አዘጋጅታ ነበር። ከተሞች ለፌስቲቫል እንደ ፋብሪካ ሲጫረቱ ማየት አዲስ ነገር ነው፤ ፌስቲቫልም ተነቅሎ የሚተከል ነገር ከሆነ «የከተማው» የሚለው ቅጽል ምን ትርጉም እንደሚቀረው አብረን እናያለን።

የከተማ አስተዳደር ገንዘብም ያለ ገመድ አይመጣም። በደቡብ ኮሪያ የቡሳን ፌስቲቫል በ1996 ተጀምሮ የእስያ ትልቁ ሆነ። በ2014 ከሦስት መቶ በላይ ሰው ስላለቀበት የሴዎል መርከብ አደጋ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሊያሳይ ሲል የከተማው ከንቲባ እንዲቀር ጠየቁ። ፌስቲቫሉ አሳየ። ከዚያ በኋላ ኦዲተር መጣ፣ የሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ድጋፍ በግማሽ ገደማ ተቀነሰ፣ ዳይሬክተሩ ተነሡ። የፊልም ሠሪ ማኅበራት አንሳተፍም ብለው ካመፁ በኋላ ነው ከንቲባው የአዘጋጅ ኮሚቴውን ሊቀመንበርነት የለቀቁት።

ወረርሽኙ በ2020 አዳራሾችን ሲዘጋ አንድ ነገር ተሞከረ። ከሃያ በላይ ፌስቲቫሎች ተባብረው ለአሥር ቀናት ፊልሞችን በዩቲዩብ በነፃ አሳዩ። በጎ ሐሳብ ነበር፤ ግን እዚያ ያየውን ፊልም ስም የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ቬኒስ ወንበር እየዘለለች፣ ጭምብል አስጠልቃ በአካል አካሄደች፤ የዚያን ዓመት የሚያወሩ ሁሉ ስለ እርሷ ያወራሉ። ኢንተርኔቱ ግን ሙሉ በሙሉ መጣል የለበትም። ሰንዳንስ የተወሰኑ ፊልሞችን አሁንም በኢንተርኔት ለአገሩ ተመልካች ይከፍታል፤ ለአካል ጉዳተኛ፣ ለሕፃን እናት፣ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ብቸኛው በር ነው።

የሚሄድ ሰው ምን ያድርግ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለባለ ትኬቱ የምለው ጥቂት ነው። ትልልቅ ስም ያላቸው የመክፈቻና የመዝጊያ ፊልሞች በጣም ውድ፣ ለማግኘት በጣም አስቸጋሪ፣ በቅርቡም ሲኒማ ቤት የሚመጡ ናቸው፤ ይለፉ። ፌስቲቫሉ ካለፈ በኋላ የትም የማይገኘውን ይፈልጉ፦ የአጫጭር ፊልሞች ስብስብ፣ የታደሰ አሮጌ ፊልም፣ አከፋፋይ ያላገኘ ዘጋቢ ፊልም። የታደሱት በተለይ ሰው የሚዘነጋቸው ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ፊልም ጭረቱ ተጠርጎ፣ ቀለሙ ተመልሶ በትልቅ መጋረጃ ሲታይ ከአዲሶቹ ብዙዎቹን ያሳፍራል።

በቀን አምስት ፊልም የሚያይ ሰው አራተኛውን ከሦስተኛው መለየት ያቅተዋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በአንዱ ፊልም የሞተውን ሰው በሌላው ፊልም ውስጥ ስጠብቅ ራሴን አግኝቻለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ በመካከል መራመጃ ጊዜ ይኑር። የፊልሞቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ማሳያ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ካሜራና ንግግር የለም፣ ትኬቱ ይገኛል፣ ዳይሬክተሩም ብዙ ጊዜ ገና ከተማው ውስጥ ስለሆነ ተረጋግቶ ይመልሳል። የጥያቄና መልሱን ክፍለ ጊዜ አይዝለሉ፤ ምንም እንኳ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ የሚጀምር አንድ ሰው በየአዳራሹ የተመደበ ቢመስልም።

የስኮትላንዱ የኤድንብራ ፊልም ፌስቲቫል ከ1947 ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ነበር። በኦክቶበር 2022 ያስተዳድረው የነበረው ድርጅት በኤሌክትሪክ ዋጋ መናርና ከወረርሽኙ በኋላ ባልተመለሰ ተመልካች ምክንያት ከሰረ፤ ፌስቲቫሉና ቤቱ የነበረው ፊልምሃውስ ሲኒማ በአንድ ቀን ተዘጉ። ፌስቲቫሉ በ2023 በሌላ ተቋም ጥላ ሥር አነስ ብሎ ተመለሰ፤ ሕንፃው ግን ሊሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ከሥራ የተሰናበቱት ሠራተኞች ከተመልካቾች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሲኒማው በጁን 2025 ተከፈተ። በሮተርዳም አንድ ባለሥልጣን አሥራ ሰባት ሰው ቆጥረው ገንዘቡ ይመለስ ካሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በኤድንብራ ገንዘብ ያወጡት ወንበሩ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ናቸው።